«ውሃ አይነካውም» የተባለው ስልክ

እሁድ እሁድ ዳውራ የምትወጡ እህቶች በስልክ ሱቆች መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ፎቶ ሳታዩት አትቀሩም። ስልኩ ጥርት ባለ ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ዙሪያውን አረፋ ከቦታል፣ ስክሪኑ ግን ቦግ ብሎ በርቷል። ሰው የለበትም፣ ዋጋም የለበትም። ከታች በትንንሽ ፊደል «አይፒ 68» የሚል ተጽፏል። ባለሱቁን ይህ ምንድን ነው ብትሉት «ዲድ ኤል ማይ» ይላችኋል፤ ጸረ ውሃ ማለቱ ነው። እኛ ደግሞ ለጓደኛችን «ውሃ አይነካውም» ብለን እንተረጉምላታለን። እሷም ሃማም ይዛው ትገባለች።

በዚህ እትም መገምገም የፈለግኩት ይህንን ፎቶና ዘመዶቹን ነው። ሌላ ጊዜ እዚህ ገጽ ላይ ስለ ፊልምና ስለ መጽሐፍ ይጻፋል፤ ማስታወቂያም እንደ ማንኛውም ሥራ ሊገመገም ይገባዋል ባይ ነኝ። እንዲያውም ከመጽሐፍ ይልቅ አብዛኞቻችን የምናየው እሱን ነው። የሁለትና የሦስት ወር ደሞዛችንንም ይዞት የሚሄደው እሱ ነው።

ከቃሉ ልጀምር። ፋብሪካዎቹ በጽሑፍ ላይ ሲሆን ይጠነቀቃሉ፣ «ውሃ አይገባውም» አይሉም። «ውሃን ይቋቋማል» ነው የሚሉት። አማርኛ ለምታውቅ ሰው ልዩነቱ ብዙ ነው። «ችግሩን ተቋቋመችው» ስንል ችግር አልነካትም ማለታችን ነው እንዴ? ነክቷታል፣ ታግላዋለች፣ እስካሁን አልወደቀችም ማለታችን ነው። ነገ ምን እንደምትሆን ቃሉ አይናገርም። እዚህ አገር ስንት ዓመት የቆየን ሰዎች ይህቺን ቃል ማንም ሊያስረዳን አይችልም። ስለዚህ ጽሑፉ በመጠኑም ቢሆን እውነቱን ተናግሯል። ፎቶው ነው ያጋነነው፤ ባለሱቁ በፎቶው ላይ ጨመረበት፣ እኛ ደግሞ በባለሱቁ ላይ ጨመርንበት።

ቁጥሩም እንደዚሁ ነው። አይፒ የሚባለው ለኤሌክትሪክ ዕቃዎች የወጣ ዓለም አቀፍ መለኪያ ነው። ስልሳ ስምንት ተብሎ አይነበብም፤ 6 እና 8 ለየብቻቸው ናቸው። 6 ስለ አቧራ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ስለ ውሃ ነው፤ 7 ከሆነ ዕቃው 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተቀምጦ ተፈትኗል። 8 ከሆነ ከዚያ የከበደ ፈተና አልፏል፣ ግን ጥልቀቱንና ሰዓቱን የሚወስነው ፋብሪካው ራሱ ነው። አንዱ ኩባንያ 1 ሜትር ተኩል ይላል፣ ሌላው 6 ሜትር ይላል፣ ሁለቱም 8 ብለው ይለጥፋሉ። የሚፈተነውም አዲስ ስልክ ነው፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ፣ ውሃው ዝም ብሎ በተኛበት።

አሁን ሃማማችንን አስቡት። ውሃው ዝም ብሎ አልተኛም፣ ከላይ በኃይል ይወርዳል። በኃይል ለሚረጭ ውሃ መለኪያው ለብቻው ሌላ ቁጥር አለው፣ 5 እና 6 ናቸው። ለሙቅና ከፍተኛ ግፊት ላለው ውሃ ደግሞ 9 አለ፤ በ80 ዲግሪ ውሃ የሚፈተን። በቅርብ ዓመታት አንዳንድ የቻይና ስልኮች 69 ብለው መምጣት የጀመሩት ይህንን ነው። ነገሩ እንደ ትምህርት ቤት ክፍል አይደለም፣ ስምንተኛ የደረሰ አምስተኛን አልፏል እንደምንለው። የተለያየ ፈተና ነው። 8 ያለው ስልክ ሻወር ስር ተፈትኖ ላያውቅ ይችላል።

ሳሙናም አለ። የሳሙና ሥራው እኮ ውሃ ብቻውን ወደማይገባበት ጠባብ ቦታ ውሃውን ይዞት መግባት ነው፤ የቅባት ድስት የሚለቀው በዚያ አይደል? ስልኩ ጠርዝ ላይ ያለው ማሸጊያ ላስቲክና ሙጫ ነው፣ ሻምፑ ይቋቋም ተብሎ አልተሠራም። ከሁሉም የሚብሰው ግን እንፋሎቱ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም «ስልኬን ውሃ ስር አላደርገውም፣ መደርደሪያ ላይ ነው የማስቀምጠው» የምትለዋን እህትም አይምራትም። ስልኩ ሙቅ ክፍል ውስጥ ሲቆይ ውስጡ ያለው አየር ይነፋል፤ ወደ ቀዝቃዛው ኮሪደር ስትወጡ ይኮማተርና እርጥቡን አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ከዚያ የካሜራው መስታወት ከውስጥ በኩል ሲያልበው ታያላችሁ። ከውጭ ብትጠርጉት አይጠራም።

ቤይሩት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ ባሕር ስለገባበት በብዙ ሰፈር ከጉድጓድ የሚመጣው የቧንቧ ውሃ ጨዋማ ነው። ጸጉራችን ያውቀዋል፤ ቧንቧውን ስታሹ የምትውሉትም ታውቁታላችሁ። ጨው ያለበት ውሃ ቻርጀር መሰኪያው ውስጥ ቀርቶ ኤሌክትሪክ ሲያገኘው ብረቱን ይበላዋል። ቤተ ሙከራው ውስጥ ያለው ውሃና የእኛ ሃማም ውሃ ስማቸው ብቻ ነው አንድ የሆነው።

ይህንን ሁሉ ፋብሪካዎቹ አያውቁም አይባልም። አፕል ለአይፎን ባወጣው መመሪያ ላይ ስልኩን ይዛችሁ አትዋኙ፣ ገላችሁን አትታጠቡ፣ እንደ ሻወር በግፊት ለሚወርድ ውሃ አታጋልጡት፣ እንፋሎት ቤት አታስገቡት ብሎ ጽፏል። የመቋቋም አቅሙም ዘላቂ እንዳልሆነ፣ ስልኩ እያረጀ ሲሄድ እንደሚቀንስ ጽፏል። ጽፏል፣ ግን ማን ያነበዋል? መመሪያው መስታወት ላይ አይለጠፍም።

ወደ ማስታወቂያዎቹ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሳምሰንግ ለጋላክሲ ኤስ7 ባሠራው ማስታወቂያ ላይ አሜሪካዊው ራፐር ሊል ዌይን ስልኩ ላይ ሻምፓኝ ሲያፈስበት ይታያል። እውነቱን ለመናገር ያስቃል፤ በደንብ የተሠራ ቀልድ ነው። ግን ማን እንደሚያፈስ እዩት። ስልኩ እዚያው ቢሞትበት በዚያው ቀን ሌላ የሚገዛ ሰው ነው። እንደዚህ ግድ የሌለው መሆን የሚያምረው ለዚህ ነው፤ እኛም ስናይ የምንመኘው ስልኩን ሳይሆን ያንን ግድ የለሽነት ይመስለኛል። የመዋኛ ገንዳውም፣ ባሕር ዳሩም፣ ሻወር ውስጥ እየዘፈነች የምትታጠበዋም ልጅ እንደዚያው ናቸው። ሁሉም የሚነግሩን ብትሳሳቺ ምንም አትሆኚም ነው።

ፍርድ ቤቶች ይህንን ጉዳይ ሳያዩት አልቀሩም። ሶኒ ኤክስፔሪያ የሚባሉትን ስልኮቹን ለዓመታት ከውሃ ጋር እያሳየ ካስተዋወቀ በኋላ በ2015 ውሃ ውስጥ አትጠቀሙባቸው የሚል ማሳሰቢያ አወጣ። አሜሪካ ውስጥ ተከሰሰና በ2017 ለገዢዎች የስልኩን ዋጋ እስከ ግማሽ ድረስ ለመመለስ ተስማማ። የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን በ2020 አፕልን 10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ፤ ጥልቀቱን በትልቁ ሲናገር ፈተናው በቤተ ሙከራ፣ በማይንቀሳቀስና በንጹሕ ውሃ የተደረገ መሆኑን በግልጽ አላሳየም፣ ውሃ ያበላሸውንም ስልክ በዋስትና አልጠግንም ብሏል በሚል። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ሳምሰንግ ከ2016 እስከ 2018 ስልኮቹን ገንዳና ባሕር ውስጥ መጠቀም እንደሚቻል የሚያስመስሉ 9 ማስታወቂያዎች አሠራጭቶ በ2022 14 ሚሊዮን የአገሩን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። እዚያ ኩባንያው ያመነው ነገር ለእኛ ጠቃሚ ነው፤ ስልኩ እርጥብ እያለ ቻርጅ ከተደረገ መሰኪያው ዝጎ ሥራ ሊያቆም ይችላል ብሏል።

ጥሩ፣ ተቀጡ። ገንዘቡም ተከፈለ። ግን ከቅጣቱ በኋላም ዳውራ ላይ ያለው ፎቶ አልተነሳም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ባወቅኩ ጊዜ በጣም የገረመኝ። በብዙዎቹ ስልኮች ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ሲም ካርዱ የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ፣ ትንሽ ነጭ ምልክት አለች። ውሃ ሲነካት ቀይ ትሆናለች። ጠጋኙ ባትሪ ከማየቱ በፊት በመብራት ወደዚያ ነው የሚያየው። ቀይ ከሆነች ዋስትና የለም። እስቲ አስቡት፤ ውጭው ላይ ውሃ ምንም አያደርገውም የሚል ፎቶ፣ ውስጡ ደግሞ ውሃ ገብቷል ብሎ በእናንተ ላይ የሚመሰክር ወረቀት። ሁለቱንም ያዘጋጀው አንድ ፋብሪካ ነው። ስለ ራሱ ማስታወቂያ ምን እንደሚያስብ ከዚህች ወረቀት በላይ የሚናገር የለም።

ስሟን የማልጽፈው አንዲት እህታችን በዚህ መንገድ ነው ስልኳን ያጣችው። ማዳሟ የ5 ወር ደሞዝ ይዛባት ነበር። «ኢንሻላህ በሚቀጥለው ወር» የሚሉ የድምፅ መልእክቶች በዋትሳፕ ትልክላት ስለነበር ልጅቷ አንዱንም ሳታጠፋ ትይዛቸው ነበር። ብልህ ናት። ማታ ማታ ሃማም ውስጥ ሆና ነበር ከእናቷ ጋር የምታወራው፤ ሙቅ ውሃውን ትከፍተዋለች፣ ድምጿ ወደ ውጭ እንዳይሰማ። ውሃ ስር አላደረገችውም። እንፋሎቱ ነው ቀስ በቀስ የጨረሰው። ሱቅ ስትወስደው ሰውየው ቀዩን አሳያትና መለሰላት። መልእክቶቹ ሌላ ቦታ አልተቀመጡም ነበር። ጉዳዩ በእሷ ቃልና በማዳሟ ቃል መካከል ቀረ፤ የማን ቃል እንደሚሰማ ለእናንተ አልነግራችሁም።

እዚህ ላይ ነው የማስታወቂያው ትልቁ ጉድለት የሚታየኝ። ስልክ ይዞ ሻወር የሚገባን ሰው አንድ ዓይነት ብቻ አድርጎ ነው የሚያውቀው፤ ሙዚቃ የሚያዳምጥ፣ የተዝናና፣ ከውሃው ሲወጣ ነጭ ፎጣ የሚጠብቀው። እኛ ስልክ ይዘን የምንገባው የሚዘጋው በር እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ባልኮን ላይ የምትተኛ አለች፣ ኩሽና ውስጥ የምትተኛ አለች፣ ከልጆቹ ጋር አንድ ክፍል የምትተኛ አለች። ለእነሱ ኢሞ ከፍቶ ልጃቸውን የማያ፣ ለማልቀስም የሚሆን፣ ድምፅ ቀድቶ ለጓደኛ የመላኪያ ቦታ ሃማም ነው። ስልክ እንዳይኖራት የተከለከለችዋማ ቻርጅ የምታደርገውም የምትደብቀውም እዚያው ነው።

«የሀበሻ ልጆች ሱሰኛ ሆኑ፣ ሽንት ቤት እንኳ ስልካቸውን አይለቁም» የሚሉንን ሰምቻለሁ። ማዳሞቹ ቢሉት አይገርመኝም። የራሳችን ሰዎች በቲክቶክ ሲሉትና ሲሳሳቁበት ግን ያናድደኛል። በ2011 በጄኔቫ የቤት ሠራተኞች ስምምነት ሲጸድቅ አብሮት የወጣ 201 የሚባል ምክረ ሐሳብ አለ። እሱ ላይ አሠሪው ቤት ለምትኖር ሠራተኛ የተለየ የራሷ ክፍል፣ አየር የሚገባበት፣ ቁልፍ ያለው፣ ቁልፉም ለእሷ የሚሰጥ መሆን አለበት ተብሎ ተጽፏል። ቁልፉ ለእሷ! ሊባኖስ ስምምነቱን አላጸደቀችም፤ የሥራ ሕጓም በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓታል። ያ ቁልፍ በእጃችን ቢሆን ኖሮ ስልክን ከእንፋሎት ጋር ምን አገናኘው? ፋብሪካው ላስቲኩን ስንት ጊዜ ቢያጠብቀው የበሩን ቁልፍ አይተካልንም።

የራሳችንን ነጋዴዎች ሳልነካ ባልፍ ደግሞ አድሏዊ እሆናለሁ። በአማርኛ የሚሠሩት የሽያጭ ቪዲዮዎች ሁሉም አንድ ናቸው። ስልኩን ውሃ በሞላበት ሳህን ውስጥ ይነክሩታል፣ ሦስት ሰከንድ ይቆጥራሉ፣ ያወጡታል፣ በእጅጌያቸው ይጠርጉታል፣ «አያችሁ ውዶቼ?» ይላሉ። ምንም አላየንም። ያ ስልክ ነገ ጠዋት ምን እንደሆነ ማንም አላሳየንም። ከዚያ የሚሸጡልን ስልክ ደግሞ ሳህን ውስጥ የተነከረው ላይሆን ይችላል፤ አብዛኞቻችን የምንገዛው ያገለገለ ነው። ያገለገለ ስልክ ስክሪኑ ወይ ባትሪው አንዴ ከተቀየረ ማሸጊያው ተከፍቷል ማለት ነው። መንደር ውስጥ ያለ ጠጋኝ ሙጫ ቀብቶ ቢመልሰውም እንደ ፋብሪካው መሆኑን የሚፈትንበት መሣሪያ ብዙ ጊዜ የለውም። ጀርባው ላይ የተጻፈው 68 ግን አይፋቅም፣ እንደተጻፈ ይኖራል።

ይህን ሁሉ ተናግሬ ቴክኖሎጂው ከንቱ ነው ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። ጠቅሞናል። ድሮ ስልኳ ከሽርጥ ኪሷ ሾልኮ ባልዲ ውስጥ የገባባት ሴት ያን ቀን ቀብራዋለች። አሁን አንስታ፣ አጥፍታ፣ አድርቃ ትቀጥላለች። ዕቃ ስናጥብ ይረጫል፣ ባልኮን ስናጥብ ይረጫል፣ ለዚህ ሁሉ ያ ላስቲክ ዋጋ አለው። የሚገርመው በስንት ማስታወቂያ ገንዳና ሻምፓኝ ሳይ አንዲት ወለል የምትወለውል ሴት አላየሁም። በዓለም ላይ ስልክን ከውሃ ጋር ቀኑን ሙሉ ይዞ የሚውል ሰው ቢፈለግ እኛ አይደለንም እንዴ? ብቻ በረኪና ያለበት ባልዲ ከሆነ ላስቲኩንም አትመኑት። ወዲያው በትንሽ ንጹሕ ውሃ አርጥባችሁ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት።

ሃማም የግድ ይዛችሁ ለምትገቡ፣ አትግቡ ብዬ አልፈርድም። የሚዘጋ የፕላስቲክ ከረጢት አለ፣ ለምግብ የምንጠቀምበት፤ ስክሪኑ በላዩ ላይ ይሠራል፣ ድምፅም ያልፋል። እንፋሎቱንም ሳሙናውንም ከማንኛውም ቁጥር በላይ እሱ ይከላከላል። ለድምፅ ብላችሁ ውሃ የምትከፍቱ ቀዝቃዛውን ክፈቱት፣ ድምፁ ያው ነው። ሲወጣ ደግሞ ቶሎ ቻርጅ አትሰኩት፤ አውስትራሊያ ላይ የታመነው ይኸው ነው። ሩዝ ውስጥ መቅበር የሚባለውንም ተዉት፤ አፕል ራሱ የሩዙ ቅንጣት ስልኩን ሊጎዳ ይችላል ብሎ ከልክሏል። መሰኪያውን ወደ ታች አድርጋችሁ በቀስታ መታ መታ አድርጉትና አየር ባለበት አስቀምጡት።

ቻርጀር ተሰክቶ ግን በምንም ምክንያት ወደ ውሃ አይቅረብ። ይህ የስልክ ጉዳይ አይደለም፣ የነፍስ ጉዳይ ነው። ስልኩ ውሃ ቢቋቋም ኬብሉና ማራዘሚያው አይቋቋሙም፣ እኛም አንቋቋምም። ለንደን ውስጥ በ2016 አንድ ሰው ገንዳ ውስጥ ሆኖ ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ ሲጠቀም በኤሌክትሪክ ሞቷል። ሃማም ውስጥ ደብቃችሁ ቻርጅ የምታደርጉ፣ እየታጠባችሁ አይሁን፤ እጃችሁም እግራችሁም ሲደርቅ ይሁን።

ያገለገለ ስልክ ስትገዙ ስለ ውሃ አትጠይቁ፤ የሚመልስላችሁን አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። «መፍኩክ?» በሉት፤ ተፈትቶ ያውቃል ወይ ማለት ነው። ሲሙ የሚገባበትን አስከፍቱና በመብራት እዩት። ቀይ ከሆነ ዋጋውን አውርዱት ወይ ተዉት።

የማዳም ድምፅ፣ የደሞዝ ፊርማ፣ የፓስፖርት ፎቶ ያለው ሰው ዛሬውኑ ለሁለት ሰው ይላክ፤ አንዱ አገር ቤት፣ አንዱ እዚህ። የአምስት ሰው ስልክ ቁጥር ደግሞ በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ የእናታችሁን፣ የማኅበሩን፣ የኤምባሲውን፣ የሁለት ጓደኞቻችሁን። የእኔ ወረቀት በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከልብሴ ሻንጣ ሽፋን ስር ነው ያለው።